ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሰበከ ወንጌል

በየዓመቱ ማርች ላይ የአሜሪካ ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት እረፍት ሲወጡ፣ በቴክሳስ ደቡብ ጫፍ ያለችው ሳውዝ ፓድሬ ደሴት በጭፈራና በመጠጥ ትጥለቀለቃለች። በዚያው ሰሞን ሌሎች ተማሪዎችም ይመጣሉ። እነዚህ «ቢች ሪች» በተባለው የባፕቲስቶች አገልግሎት ጨፋሪውን በቫን በነፃ ወደ ማደሪያው ያደርሳሉ፤ ፓንኬክ ጋግረው ያበላሉ። መንገድ ላይ ስለ ኢየሱስ ያወራሉ።

«ይሄማ ማጥመጃ ነው» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ የሚናገረውን የማያውቅ ልጅ «አምናለሁ» ቢል ቃሉ ይያዝበታል?

አይያዝበትም። ስካሩ ሲበርድለት፣ ጠዋት ተመልሶ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። «ስለ ሃይማኖት አታውሩኝ» ያለውም እኩል በሰላም መድረስ አለበት። እንዲህ ከሆነ ቫኑ ማጥመጃ አይደለም።

አገልግሎቶች ሪፖርት ሲጽፉ ስንት ሰው ጌታን እንደተቀበለ መቁጠር ይወዳሉ። ከዚያ በፊት ግን ስንቱ ሰክሮ መሪ ሳይጨብጥ እንዳደረ ይቆጠር። በሕይወት ያደረ ልጅ ወንጌሉን ነገም ሊሰማ ይችላል። ለባልንጀራ ማሰብ ማለትም ይኸው ነው፤ ባያምንም ቤቱ ማድረስ።