የኅዳር ሰባት ሌሊት በታይተስቪል

ፍሎሪዳ ስገባ ከሮኬቱ በፊት ቀልቤን የወሰደው ሮኬቱ የሚጓዝበት መንገድ ነው። አስፋልት የለውም። የእሳት ፍንጣሪ እንዳይወጣው ተብሎ የተመረጠ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ከአላባማ ድረስ ተጭኖ መጥቶ፣ ከመገጣጠሚያው ሕንፃ እስከ ማስወንጨፊያው 6.8 ኪሎ ሜትር ተነጥፏል። አስጎብኚያችን አንዱን ጠጠር በመዳፏ ይዛ አሳየችን፤ ግማሹ ልሙጥ፣ ግማሹ ተፈርክሶ ስለት አውጥቷል። ሮኬቱን የሚሸከመው ተሽከርካሪ የሰንሰለቱ አንድ የብረት ሰሌዳ ብቻ አንድ ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ ባለፈበት ሁሉ ድንጋዩ ከወፍጮ እንደ ወጣ ዱቄት ይሆናል።

ኤስ.ኤል.ኤስ. የተባለው አዲሱ የናሳ ከባድ ሮኬት በዚህ መንገድ ጥቅምት 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲነጋ ቦታው ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ፈጀበት። በአገሬ ከቡሬ ገጠር በርበሬ ጭኖ ገበያ የሚወጣ ገበሬ አህያውን እየነዳ ይህንኑ መንገድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ግን የገበሬው ጭነት 98 ሜትር ቁመት የለውም። የተገጣጠመበት ሕንፃ ደግሞ 160 ሜትር ነው፤ ከሥሩ ቆሜ አንገቴን ቀና ሳደርግ ባርኔጣዬ ወደቀ።

የጉብኝቱ መግቢያ ትኬት ከ70 ዶላር በላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሪ ወደ 4 ሺሕ ብር የሚጠጋ። ከፍዬ ስገባ ሆዴን ቆረጠኝ። ስወጣ ግን ገንዘቡ ትዝም አላለኝ።

ኦርላንዶ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሮኬቱ ሲወነጨፍ ለማየት ከእኔ በፊት ሁለቴ ለፍታ ነበር። ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የወቅቱ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳይቀሩ መጥተው፣ ሕዝቡ ከማስወንጨፊያው ማዶ ያለውን የወንዝ ዳር ሞልቶ፣ ቆጠራው 40 ደቂቃ ሲቀረው ቆመ፤ ከአራቱ ሞተሮች አንዱ በሚገባ መቀዝቀዙን ማረጋገጥ አልተቻለም። ነሐሴ 28 ደግሞ ሃይድሮጂን አፈሰሰ። ይህ ነዳጅ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ በዚያ ብርድ ብረቱም ማሸጊያውም ይኮማተራል፣ ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ የሆነው ሃይድሮጂንም ዓይን በማያየው ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። የአሜሪካ ሕግ ሮኬቱ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ዝግጁ እንዲሆን አዝዞ ነበር። የናሳ ሰዎች ግን ደጋግመው «ገና ነው» አሉ። እኛ ዘንድ የምረቃው ቀን ከተቆረጠና እንግዳ ከተጠራ ሥራው አለቀም አላለቀም ሪባኑ ይቆረጣል። በእንግዳ ፊት፣ በካሜራ ፊት «አልደረሰም» ማለት ምን ያህል ወኔ እንደሚጠይቅ ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ቀናሁባቸውም።

ኅዳር 6 ማታ እኛም ታይተስቪል ከተማ ወንዝ ዳር ሄድን። ለመኪና ማቆሚያ ብቻ 40 ዶላር ተቀበሉን። አየሩ የጨው ውኃና የጭቃ፣ የተጠበሰ ሽሪምፕና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ይሸታል። ሕፃናት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ አባቶች ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ወሬ መጣ፤ እንደገና ያፈስሳል! ከዚያ የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም፤ ሦስት ቴክኒሻኖች ነዳጅ ጠጥቶ ወደሚያቃስተው ሮኬት ሥር ገብተው የቫልቩን ብሎኖች በእጃቸው አጠበቁ። ማንም ሊጠጋው በማይፈቀድበት ሰዓት! ማን እንደሆኑ ሳላውቅ እግዚአብሔር ይጠብቃቸው አልኩ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ47።

ነጋ።

ሌላ ቃል የለኝም። ሰማዩ ብርቱካንማ ሆነ፤ የወንዙ ውኃ በራ፤ የአክስቴን ልጅ ፊት በጠራራ ፀሐይ እንደማየው አየሁት። ድምፅ ግን የለም። 19 ኪሎ ሜትር ርቀን ስለነበር አንድ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ያ ሁሉ እሳት ዝም ብሎ ወጣ። ኋላ ነጎድጓዱ ደረሰ። ደረቴን መታኝ፤ 4 ሺሕ ቶን የሚጠጋ ግፊት 2,600 ቶን ሲያነሳ የሚሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም። አለቀስኩ። አጠገቤ የቆሙ የማላውቃቸው አሮጊት እጄን ያዙኝ፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ።

ቡሬ ያን ጊዜ ረፋድ ነው፤ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ሰው አለበት?»

«የለበትም፣ እማ። ለሙከራ ነው፤ የሰው ቅርጽ ያለው ምስል ተቀምጦበታል።»

«ይሁን፤ አስቀድሞ መንገዱን ይየው።»

በማግስቱ ልቤ ተከፈለ። የናሳ ዋና ተቆጣጣሪ እንዳሰላው አንዱ ጉዞ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል። የዚያ ዓመት የአገራችን ጠቅላላ በጀት 786 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ሮኬቱ አራቴ ቢወነጨፍ ሁሉንም ጨርሶ ያልፋል። ያሳምማል። ግን ለእኛ አይገባም ብዬ እንዳልተወው ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው እስከ ናሳ የደረሱት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ትዝ አሉኝ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን የመጠቀችው 72 ኪሎዋ ሳተላይታችንም ትዝ አለችኝ። ትንሽ ናት። የእኛ ናት።

ሮኬቱ የወሰዳት መንኮራኩር ኦሪዮን ጨረቃን ዞራ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ወረደች። እኔ ያን ጊዜ ቡሬ ተመልሼ ነበር፤ ምሽት ላይ ዜናውን ለእናቴ ነገርኳት።

«በደኅና ገባች?»

«በደኅና።»

«እንግዲያማ አሁን ሰው ይሂድባት» አለች።