ስለ ሐዲድ መገንጠያና ስለ ሽቦዋ

ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ የሚሠራውን፣ በሁለቱ ሐዲዶቹም መካከል 16.5 ሚሊሜትር ብቻ ስፋት ያለውን ኤችኦ የተባለውን የአምሳያ ባቡር የሚያፈቅር ሰው፣ ብዙውን ትጋቱን ለተራራውና ለጣቢያው ውበት ሲያውል፣ የባቡሩ ደኅንነት ግን ሐዲድ ከሐዲድ በምትለይባት በትንሿ መገንጠያ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ሳያስተውል ይቀራል።

በቀድሞው ሥርዓት ሐዲዱ የሚሸከመው ኃይልን ብቻ ነበረና ግንኙነቱ ለቅጽበት ቢቋረጥ ባቡሩ በግስጋሴው ያልፈው ነበር። በጀርመን አገር የሌንዝ ኩባንያ ያበጀው፣ በ1990ዎቹም የአሜሪካ የአምሳያ ባቡር ብሔራዊ ማኅበር ደንብ ያደረገው የዲጂታል ሥርዓት ግን ኃይልንና ትእዛዝን አዋሕዶ ስለሚልክ፣ የ«አንድ» ምልክት ግማሽ 58 ማይክሮሰከንድ፣ የ«ዜሮ» ምልክት ግማሽ ደግሞ 100 ወይም ከዚያ በላይ በሚቆይበት ረቂቅ ልክ ይናገራል። ሁለቱ ተቃራኒ ሐዲዶች ለአፍታ ቢነካኩ ኃይል ሰጪው ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል፤ ከእርሱ ኃይል በሚቀበለው የሐዲድ ክፍል ያሉት ባቡሮች ሁሉ፣ ይህን ንክኪ ማለትም ሾርቱን ያመጣው አንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በአንድነት ይቆማሉ።

አንዳንድ መገንጠያዎች ከፋብሪካ የሚወጡት፣ ተንቀሳቃሹ የሐዲድ ምላስ የጎን ሐዲዱን በጫፉ በመንካቱ ብቻ ኃይል ተቀብሎ ሐዲዶቹ ወደሚሻገሩበት መስቀለኛ ብረት እንዲያሳልፍ ተደርገው ነው፤ ይህችንም ንክኪ አቧራና ዝገት ዕለት ዕለት ያዳክሟታል። ከዚህም በላይ ሁለቱ ምላሶች በኤሌክትሪክ አንድ በመሆናቸው፣ የተከፈተው ምላስ ተቃራኒ ኃይል ካለው ጎረቤቱ አጠገብ ይቆማል፤ የብረት መንኰራኵርም በጀርባው ሲዳስሰው ሾርት ይፈጠራል። ሐዲዱን አዘውትሮ መጥረግ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በመጥረጊያ ብቻ የሚታመን ሐዲድ ገና ተሠርቶ አላለቀም እላለሁ።

እንግዲህ ሁለቱ ምላሶች፣ የሚያያይዛቸው ዘንግ ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ተደርጎ፣ ይለያዩ፤ እያንዳንዱም በአጠገቡ ካለው የጎን ሐዲድ ጋር በሽቦ ይበየድ። መስቀለኛው ብረት በዙሪያው ያሉት ሐዲዶች ተቆርጠው ለብቻው ይነጠል፤ ኃይሉንም መገንጠያዋን ከሚያንቀሳቅሰው ሞተር ጋር ከተያያዘ ማብሪያ ይቀበል፤ አቅጣጫው በተለወጠ ቍጥር የኃይሉ ወገን አብሮ ይለወጥ ዘንድ። መስቀለኛው ብረት ከፕላስቲክ ቢሆንስ? አጭር ሎኮሞቲቭ በዝግታ ሲሻገር ኃይል አጥቶ ይቆማልና እኔ አልመርጠውም።

ይህ ሁሉ መገንጠያዋ ሐዲዱ ከሚነጠፍበት ሰሌዳ ከመጣበቋ በፊት ይደረግ። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ ሁለቱን ሐዲዶች በሳንቲም አገናኙ፤ ኃይል ሰጪው ወዲያው ካልዘጋ፣ ዋናው ሽቦ ቀጥኗል ወይም ከእርሱ ወደ ሐዲዱ የሚወጡት መጋቢ ሽቦዎች አንሰዋል ማለት ነውና፣ ባቡር ከመስደዳችሁ በፊት አወፍሩት፣ መጋቢዎቹንም ጨምሩ።