ብረት ወይስ እንጨት? የጓሯችን የችግኝ ቤት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ጓሯችን የችግኝ ቤት ነው።

የኦሞራቴን ፀሐይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀን ቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። አምና እማዬ ያፈላችው የቲማቲም ችግኝ በሳምንቱ ጠውልጎ አለቀ። ቲማቲም ደግሞ ከደጋ በመኪና እየመጣ እዚህ ሲደርስ ግማሹ ይፈርጣል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ ዘንድሮ የችግኝ ቤት እንሥራ ተባለና ቤታችን ክርክር በክርክር ሆነ።

አባዬ "እንደ ዝዋይ አበባ እርሻ በላስቲክ እንሸፍነው" አለ። እኔም በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን ነገርኩት። ላስቲክ ብርሃን ያስገባል፣ የሞቀውን አየር ግን አያስወጣም። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የእኛ ኦሞራቴ ግን 400 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ላስቲክ ብናለብሰው ችግኙ ይቀቀላል! እኛን የሚያስፈልገን ጥላ ነው፤ ጎኑም ንፋስ እንዲያስገባ ክፍት መሆን አለበት።

ቀጥሎ የማዋቀሪያው ነገር መጣ። ብረት ጠንካራ ነው፣ ምስጥም አይበላውም። ግን ዋጋው ሲጠየቅ ከእህቴ ዩኒፎርምና ከእኔ ደብተር ሁሉ በለጠ። ባሕር ዛፍ ከሩቅ ይመጣል፣ መሬት ውስጥ ሲቀበር ምስጥ ይጨርሰዋል። የፕላስቲክ ቱቦ ቀላል ነው፣ ፀሐይ ሲበዛበት ግን ይሰነጠቃል።

ይሄን ጊዜ አያቴ ሳቀች። በዳሰነች ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። በዳሰነችኛ የተናገረችው በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው፦ "ስንት ቤት የሠራሁ ሰው እዚህ ተቀምጬ እናንተ ብረት ትጠይቃላችሁ?" ከዚያ አስረዳችን። ቀጭን እንጨት እርጥብ እያለ ይጎበጣል፣ ሁለቱም ጫፍ መሬት ይገባል፣ መስቀለኛ ላይ ይታሰራል። ክብ ስለሆነ ንፋስ የሚይዘው ማዕዘን የለውም፣ አልፎት ይሄዳል።

እንጨቱን ከወንዝ ዳር አልቆረጥንም። የኦሞን ዳርቻ አፈር ይዞ የሚያቆመው የዛፎቹ ሥር ነው። የቆረጥነው ግጦሹን የወረረውን ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ምስጥን ይቋቋማል። ስትቆርጡ ግን ከትልቅ ሰው ጋር ሁኑ፣ እሾሁ ክፉ ነው። ፍሬውንም ቤት አታምጡ፣ ዘሩ ግቢያችሁን ይወራል።

አሁን ሰባት ቅስት ቆሟል። በላዩ የማሽላ አገዳ ሳሳ አድርገን ዘረጋን፤ በዙሪያው ደግሞ ለፍየሎች እሾሁን አጠርን። ችግኞቹ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል፣ ቅጠላቸው አልጠወለገም። ፍሬ መያዛቸውን ገና እናያለን።

የችግኝ ቤት መሥራት የምትፈልጉ ልጆች ካላችሁ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አያቶቻችሁን ጠይቁ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!