የመንገዱ ዋና ደንበኛ እግረኛው ነው

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የመጀመሪያዎቹን 100 እርምጃዎች የሄዳችሁት በምን ነበር? ባጃጅ የምትይዙም ብትሆኑ፣ ታክሲ የምትሰለፉም ብትሆኑ፣ የሰርቪስ መኪና የምትጠብቁም ብትሆኑ የአብዛኞቻችሁ መልስ አንድ ነው፤ በእግራችሁ። ቀናችንን የምንጀምረው እግረኛ ሆነን ነው፤ የምንጨርሰውም እንደዚያው። ታዲያ ስለ መንገድ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ አስፋልትና ስለ መኪና የሚሆነው ለምንድን ነው?

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የተማርኩት ቢዝነስ፣ እንጀራዬ ደግሞ ማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ምርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ “ደንበኛው ማን ነው?” የሚል። ደንበኛውን ሳያውቅ ገንዘቡን ያፈሰሰ ድርጅት፣ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር መጋዘን ውስጥ ይቀርበታል። ይህንን ጥያቄ ለከተማችን መንገድ ላቅርበው ብዬ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ጀበና ቡና ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀመጥኩ። ማስታወሻ ደብተሬን በአራት ከፈልኩት፤ የግል መኪና፣ ባጃጅና ሚኒባስ፣ ብስክሌት፣ እግረኛ። ከዚያ ለሚያልፈው ሁሉ ጭረት ማስመር ጀመርኩ። ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ የእግረኛው ዓምድ ሞልቶ ወደ ሌላ ገጽ ተሻገርኩ። የግል መኪናው ዓምድ ገና ከአናቱ አልወረደም ነበር።

ማን አላለፈ! አህያውን እህል ጭኖ የሚነዳ ገበሬ፣ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ ሽማግሌ፣ ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናቶች፣ ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚጣደፉ ተማሪዎች፣ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ወጣት። ይህ የደብረ ማርቆስ ብቻ ጠባይ አይደለም። መኪና በተጨናነቀባት አዲስ አበባ እንኳ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ናቸው። መዲናዋ እንዲህ ከሆነች የእኛን መገመት አያዳግትም። የመንገዱ ትልቁ ደንበኛ እግረኛው ነው።

ለዚህ ትልቅ ደንበኛ ምን ይቀርብለታል? የምታውቁት ነው። በአንዱ በኩል የሱቁ ዕቃ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። በሌላው የግንባታ አሸዋና ድንጋይ ተከምሯል። ትንሽ ራመድ ሲሉ ባጃጅ ቆሟል፣ ወይም የመብራት ምሰሶ መሀል ላይ ተተክሏል። ከዚያ የቦዩ ክዳን ተነሥቶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የጎጃምን ክረምት ደግሞ አትጠይቁኝ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከአስፋልቱ ውጭ ያለው ሁሉ ጭቃ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ክዳኑ በተነሣ ቦይ ውስጥ እግሯ ገባ። ዝናቡ ቦዩንና መንገዱን አንድ አድርጎት ስለነበር አልታያትም። ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ሁለት ወር ቤት ዋለች። የሕክምናውን ወጪ ተጋግዘን ቻልነው። የከበደን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከዳነች በኋላም ብቻዋን መውጣት ፈራች። በየማለዳው ትስመው የነበረውን ደጅ አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱንም በባጃጅ ሆነ። ዝናብ ካለ ሰንበቴው ይቀራል፣ ለቅሶ በሰው መልእክት ይሆናል። አንድ የቦይ ክዳን አንዲትን እናት ከጎረቤቷ፣ ከማኅበሯና ከዕድሯ ሲነጥላት፣ ይህ ኪሣራ በየትኛው መዝገብ ላይ ይጻፋል? ነጭ በትር ይዞ የሚሄደውን ዓይነ ሥውር ወይም በዊልቸር የሚንቀሳቀሰውን ሰው ደግሞ በእሷ ቦታ አስቡት።

የእግረኛ መንገድ ሲዘጋ ሰው ቤቱ አይቀርም፤ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። የእኛ ዋና አስፋልት ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው። ሲኖትራኩም፣ የሕዝብ አውቶቡሱም፣ ነዳጅ የጫነውም ቦቴ በከተማችን መሀል ያልፋል። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ ሉማሜም ሆነ ወደ አማኑኤል ብትሄዱ፣ ደብተራቸውን በፌስታል የያዙ ሕፃናት በአስፋልቱ ጠርዝ ተሰልፈው ሲጓዙ ታያላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል ረገድ የሚቀድመው ምክንያትም ይኸው አደጋ ነው። መኪና እግረኛን ከፊት ለፊት ሲገጭ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 65 ከፍ ካለ የሞት ዕድሉ 4.5 እጥፍ ይሆናል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የተቀባ ዜብራ፣ ከአስፋልቱ በጠርዝ ድንጋይ ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ፤ እነዚህ በዚህ ቁጥርና በልጆቻችን መካከል የሚቆሙ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ፤ ሙያዬ ነውና ሒሳብ ሳልሠራ አላልፍም። ልጆቻችሁ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በባጃጅ ነው እንበል። የአንድ ሰው ጉዞ 20 ብር ቢሆን፣ ሁለት ልጆች በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር 22 ቀን ሲመላለሱ 1,760 ብር ይሆናል። በ10 የትምህርት ወራት 17,600 ብር። በ20 ብር ፈንታ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡና ራሳችሁ አስሉት። ቤንዚን በጠፋ ቁጥር ደግሞ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችን ይህንን የምንከፍለው ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ አይደለም። የ25 ደቂቃ መንገድ ነው፤ ግን ልጅን ብቻውን ለመልቀቅ እንፈራለን። እንግዲህ የመንገዱን ክፍተት ከኪሳችን እየሞላን ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ የሚራመድ ልጅ ድርሻውን ሊጨርስ ምን ቀረው? እኛ ቢሮ ተቀምጠን የምንውለውም ብንሆን ያለ ጂም ክፍያ ድርሻችንን እናገኛለን።

የከተማው ሒሳብም ከዚህ አይለይም። ናክቶ የተባለው የአሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር ባዘጋጀው የመንገድ ዲዛይን መመሪያ ላይ እንደሰፈረው፣ 3 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ መስመር ለግል መኪና ሲሰጥ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው መስመር ለብስክሌት ቢሰጥ 7,500፣ ለእግረኛ ቢሰጥ ደግሞ 9,000 ሰው ማሳለፍ ይችላል። እኔ ነጋዴ ብሆን፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ብዙ ሽያጭ የሚያመጣውን ዕቃ ከጀርባ አልደብቀውም።

ነጋዴን ካነሣሁ አይቀር፣ አማርኛችን “እግረ መንገዴን” የሚላትን ቃል አስቡ። በእግሩ የሚሄድ ሰው እግረ መንገዱን ዳቦ ይገዛል፣ ካርድ ይሞላል፣ ጫማውን ያስጠርጋል፣ ዘመድ ይጠይቃል። በመኪና የሚያልፈው ግን ያልፋል። ዕቃውን እስከ አስፋልቱ ድረስ የሚዘረጋ ባለሱቅ አንድ ሜትር ያተረፈ ይመስለዋል። እግረኛው ግን ያንን ሜትር ሽሽት ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ገበያውም አብሮት ይሻገራል።

ብስክሌትስ? ይህንን ሳነሣ የማርቆስ ወዳጆቼ ይስቁብኛል። ቢዝነስ የተማርኩት ባሕር ዳር ነው። በዘንባባ ጥላ ሥር፣ በሜዳው መንገድ ላይ ብስክሌት በሰዓት ተከራይቶ መሄድ ለእኛ ለተማሪዎች ዋናው መዝናኛችንም ትራንስፖርታችንም ነበር። እዚያ ብስክሌት የድኻ ምልክት አልነበረም፤ መምህሩም፣ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ይነዳው ነበር። ባጃጅ እየበዛ ሲመጣ ግን ብስክሌተኛው ጠርዝ ይዞ እየተገፋ ሄደ። ደስ የሚለው፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከመኪናው መስመር ጎን ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መተላለፊያ ይዟል። ድልድይ ሲሠራ እግረኛው ከመጀመሪያው ሥዕል ላይ ከገባ፣ ለሰፈር መንገድ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ደብረ ማርቆስ እንደ ባሕር ዳር ሜዳ አይደለችም፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት ያላት ከተማ ናት። ለዚህ ነው እኔ ለከተማችን መጀመሪያ የእግረኛ መንገድ፣ ቀጥሎ ብስክሌት የምለው። ሆኖም የዋናው ጎዳና ረጋ ያሉ ክፍሎች፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሚመላለሱባቸው መስመሮች፣ ማርሽ ያለው ወይም በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት፣ እነዚህ ሲደመሩ ሳቁን የሚያስቆም ነገር ይወጣል። የሚጎድለው ብስክሌቱን የሚያቆሙበት አስተማማኝ ቦታና ከሲኖትራክ የሚለይ መስመር ነው።

በአገር ደረጃ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ብለው ጎዳናዎችን ለአንድ ቀን ከመኪና ነፃ ማድረግ ጀመሩ። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል። ለዚያ ሲባል ከመኖሪያቸውና ከሥራ ቦታቸው የተነሡ ሰዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ ከዚያ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ በተገኘበት ሁሉ ቤተሰብ ማታ ማታ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ፍላጎቱ ድሮም ነበረ፤ ቦታ ነው የጠፋው።

“ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው” የሚል አይጠፋም። ዛሬ የብስክሌት አገር የምንላት ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ወደ 3,300 ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተውባታል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ያኔ ወላጆች “የልጆች ግድያ ይቁም” ብለው አደባባይ ወጡ። መንገዱን የለወጠው የእነሱ ጩኸትና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የተመደበው በጀት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አገሮች ከትራንስፖርት በጀታቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲያውሉ የሚመክረውም ያለ በጀት ምኞት ብቻ ስለሚቀር ነው።

እኛም ከቤታችን የምንማረው አለን። ኮብልስቶንን አስታውሱ። የሰፈር ነዋሪ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከተማ አስተዳደሩ ድርሻውን ጨምሮ፣ ወጣቶች ተደራጅተው ድንጋዩን እየጠረቡ ስንት የጭቃ መንገድ ደረቀ! ድንጋዩ የአገር ነው፣ ጉልበቱም የአገር ነው፣ ዶላር አይጠይቅም። የእግረኛ መንገድና የቦይ ክዳን ከዚህ የተለየ ጥበብ አይፈልጉም። አንድ ትምህርት ቤት ዙሪያ ይጀመር፤ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያ ወደ ገበያው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

እናንተ ከዛሬ ጀምሮ የምትችሉት አለ። ሱቅ ወይም ግንባታ ካላችሁ ከደጃችሁ ፊት ያለውን መተላለፊያ ነፃ አድርጉ። የሰፈራችሁን ልጆች አሰባስባችሁ ከወላጆች አንዱ በተራ እየመራቸው በእግር ይሂዱ፤ ወጪው ይቀንሳል፣ ፍርሃቱም ይቀላል። ክዳኑ የተነሣ ቦይ ካያችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ አመልክቱ፤ ምላሽ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ሰው እንዲያየው ምልክት አድርጉበት። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ መንገድ ሲወራ እጃችሁን አውጡና አንድ ነገር ጠይቁ፤ “ከመንገዱ በጀት ለእግረኛው የተያዘው ስንት ነው?”

በሙያዬ የማውቀው አንድ እውነት አለ፤ ዝም ያለ ደንበኛን ማንም አያስተናግደውም። እኛ እግረኞች በቁጥር ከሁሉ እንበልጣለን፤ እስከ ዛሬ ግን ዝም ያልነው እኛው ነን። ወደዚያ ስብሰባ ስትሄዱ ጎረቤቶቻችሁን ጥሩና በእግር አብራችሁ ሂዱ። በየመንገዱ ያያችሁትን ጉድጓድ ሁሉ ቁጠሩ፤ ስትደርሱ የምታቀርቡት ማስረጃ በእጃችሁ ይሆናል።