ትንሿ ሚዛን

ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ፣ ስለ ሚዛን ላጫውታችሁ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም በናታንያ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኝነቴ የእናቶችን ገንዘብ ሲያድን አይቼዋለሁ።

እንደምታውቁት ለእናቶቻችን ወርቅ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የክፉ ቀን ተቀማጭም ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የቤት ኪራይ ቢቸግራቸው አምባራቸውን ይዘው ወደ አንድ ሱቅ ሄዱ። «21 ግራም ነው» ተባሉ። የሚዛኑ መስኮት ወደ ሻጩ ዞሮ ስለ ነበር ቁጥሩን አላዩትም። ልባቸው አልቀበል ብሏቸው ሳይሸጡ ተመለሱ። በጡረተኞች መሰብሰቢያችን ባለው ሚዛን ስንመዝነው 23.4 ግራም ሆነ። ልዩነቱ ከአንድ ሳምንት አስቤዛ የሚበልጥ ገንዘብ ነው።

ይህን ሚዛን ለእጅ ሥራ ክፍላችን የመረጡልን ከወገራ የመጡ አንድ አባት ናቸው። በአገር ቤት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፣ ጠመንጃ ይጠግናሉ፣ የተተኮሰ የውጅግራ ቀለህም መልሰው ይሞላሉ። ጎረቤቶቻቸው በቀን «ቡዳ» እያሉ ይሸሿቸዋል፤ ማታ ግን ጠመንጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። «አባባ፣ ባሩዱን በምን ይለኩት ነበር?» ብላቸው፣ «በትንሽ ማንኪያ ነው ልጄ። ግን ማንኪያ ይዋሻል። ባሩዱ ከረጠበ ወይም ከተጠቀጠቀ ሌላ ነው። ሲያንስ አረሩ አይሄድም፣ ሲበዛ ጠመንጃው ይፈነዳል» አሉኝ። ስለዚህ ሚዛን ስንገዛ ዋጋውን ሳይሆን እውነቱን ጠየቁ።

በዚህ አገር ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው። በተፈቀደበት አገር ቀለህ የሚሞሉ ሰዎች የሚመዝኑት በግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 65 ሚሊግራም ያህል ነው። ሚዛናቸውም የዚህን አንድ አሥረኛ ይለያል። ወርቅ የሚመዝን ሰውም የሚያስፈልገው የዚሁ ዓይነት ሚዛን ነው።

የባትሪ ሚዛን ስትገዙ የግራም አንድ መቶኛ፣ ማለትም 0.01 ግራም የሚለይ፣ ቢያንስ 200 ግራም የሚሸከም፣ ነፋስ የሚከለክል ክዳንና የመፈተኛ ክብደት ያለው ይሁን። ባለ ክንዱ ሚዛን ባትሪ አይፈልግም፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ክንዱ የሚያርፍበትን ስለት ዘይት አትቀቡት፣ አቧራ ይይዝበታልና።

አያያዙም እንዲህ ነው። በማይነቃነቅና በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ማዝጋኑንና ማራገቢያውን አጥፉ፣ የእጅ ስልካችሁንም አርቁ። ከመመዘናችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ አብርታችሁ አቆዩትና ዜሮ ማሳየቱን እዩ። የመፈተኛውን ክብደት በወረንጦ አንሱት፤ የጣት ቅባት ቀስ በቀስ ክብደቱን ይለውጠዋል። ዕቃ ተጭኖበት አይደር። ከተማችን በባሕር ዳር ስለሆነች ጨዋማው አየር ብረትን ይበላል፤ ስለዚህ በሳጥን ዝጉበት፣ ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነም ባትሪውን አውጡ።

መፈተኛ ክብደት ከሌላችሁ ያልተጎዳ የ10 ሼቄል ሳንቲም 7 ግራም ይመዝናል፤ አሥሩ 70 ግራም ሊሆኑ ይገባል። አንዳንድ እናቶች ያስቀመጡት ጠገራ ብር፣ 1780 የሚል ዓመት ያለበት ማርትሬዛ፣ አዲስ ሳለ 28 ግራም ያህል ነው። ድሮ የወርቅ ወቄት የሚመዘነው በእርሱ ነበር። ነገር ግን በእጅ ብዛት ያለቀ ጠገራ ይቀንሳልና ለመፈተኛ አይሆንም።

አንድ ቃልም እንዳያሳስታችሁ። ናታንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የአልማዝ ሥራ የተስፋፋባት ከተማ ስለሆነች እዚህ «ካራት» ሲባል ብዙ ይሰማል። የአልማዝ ካራት ክብደት ነው፤ አንዱ 0.2 ግራም ነው። የወርቅ ካራት ግን የጥራት መለኪያ ነው፤ ከ24 እጅ ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ ይናገራል። 18 ካራት ወርቅ ላይ 750፣ 14 ካራት ላይ 585 የሚል ማኅተም ይገኛል። አምባሩ ላይ ድንጋይ ካለ የድንጋዩ ክብደት ከወርቁ ጋር አይቆጠርም።

ስለዚህ እናቶቼና እኅቶቼ፣ ወርቅ መሸጥ ግድ ቢሆንባችሁ አስቀድማችሁ መዝኑት፣ ማኅተሙን አንብቡ፣ ቁጥሩንም በወረቀት ጻፉት። ሱቅ ስትገቡ ሚዛኑ ወደ እናንተ ይዙር በሉ፤ ባዶውንም ዜሮ ሲል በዓይናችሁ እዩ። ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁ ልጅ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እውነተኛ ነጋዴም በደስታ ያዞርላችኋል። የማያዞርላችሁ ከሆነ ወርቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።