የሙዝ ነጋዴው ጠበቃ ፍለጋ

ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ብርብር

የእህቴ ባል ሲመሽ ብቻውን መጣ። «የኪሳራ ጠበቃ ታውቃለህ? ለእህትህ ግን እንዳትነግራት» አለኝ። ሙዝ ከገበሬው በዱቤ እያነሳ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። እዚያ ያለው ተቀባይ ጭነቱን ወስዶ ስልኩን ዘጋበት። ቤቱ ለባንክ ብድር ተይዟል። በወረዳችን በምዕራብ ዓባያ ከስሮ የማያውቅ የሙዝ ነጋዴ ብርቅ ነው፤ «ከሰርኩ» ብሎ ፍርድ ቤት የቆመ ግን አልሰማሁም።

ጥቅምት 15፣ አርባ ምንጭ

የጠበቆቹ ሰሌዳ ሁሉ መሬት፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ ወንጀል ይላል። አንድ ወጣት ጠበቃ «የኪሳራ መዝገብ ይዤ አላውቅም፤ ሽማግሌ አይሻላችሁም?» አለን። ቅንነቱን ወደድኩለት። ኪሳራ ሲባል ትዝ የሚለን የአዲስ አበባው ነው፤ በ2005 የከሰረው መኪና ገጣጣሚ ሆላንድ ካር ዓይነት።

አንድ አንጋፋ ጠበቃ ግን ገና ሳንቀመጥ «ቼክ ፈርመሃል?» አሉት። አልፈረመም። «እግዜር ይመስገን!» ደረቅ ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል፤ ያኔ የምንፈልገው ሌላ ጠበቃ ይሆን ነበር። ቀጥለው ንግድ ፈቃዱን አዩ። ኪሳራ የነጋዴ ሕግ ነው። ሙዙን የጫነው ይገባበታል፤ ያበቀለው ገበሬ ግን በ1952ቱ የንግድ ሕግ ከነጋዴ አይቆጠርም ነበር። ይኼ ነገር ዛሬም አልተዋጠልኝም።

«ሽማግሌ ገበሬውን ያስታግሥልሃል፤ ባንክን ግን ሽማግሌ አያስረውም» አሉ። በአዋጅ 97/1990 መሠረት ባንክ ውሉ ከፈቀደለት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ መያዣውን በሐራጅ ይሸጣል። ስለዚህ መሮጥ ያለብን ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ ነጋዴው ጨርሶ ሳይከስር ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን አሸጋሽጎ ንግዱን የሚያተርፍበት መንገድ አለው። ብርብር ላይ ግን አያልቅም፤ የኪሳራ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

ጥቅምት 17፣ ብርብር

ሽማግሌዎች ባሉበት ገበሬዎቹ እስከ ጥር ሊታገሡት ተስማሙ። ከመሃል አንዱ «እኛ ስንታገሥ ባንኩ ቤቱን ከሸጠው ለኛ ምን ይተርፋል?» አለ። ከጠበቃው ቢሮ የወጣ ጥያቄ ይመስላል። ሕጉ ባለገንዘቡን ሁሉ በአንድ ዝርዝር የሚያስገባው ፈጣኑ ቀድሞ ጠራርጎ እንዳይሄድ ነው፤ መያዣ የያዘው ግን በመያዣው ላይ ቅድሚያ አለው። ይህንን ለሰውየው መንገር ከበደኝ፤ ነገርኩት።

ጥቅምት 20

ጠበቃው «አንድም ሳይቀር» ብለው ያዘዙትን የዕዳ ዝርዝር ስንጽፍ አመሸን። ባንኩ፣ ገበሬዎቹ፣ የአይሱዙው ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ። እዚህ ላይ አማቼ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የቀረው ከእህቴ ሣጥን ያነሳው የዕቁብ ብር ነው። የግድ ተጠራች። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችና መልሳ ሰጠችው።

«ከባንኩ በላይ ጻፈኝ» አለችው።