ፀሐይ እራት አታበስልም

ዛሬ በቡድን ስለሠራነው የፀሐይ ምድጃ ላጫውታችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ በወላጆች ቀን አይታችሁት «ያ ድንች ያቃተው ካርቶን» ትሉታላችሁ። እስኪ ታሪኩን ከመጀመሪያው ስሙት።

በጥር ወር የሳይንስ መምህራችን በቡድን ከፍለውን «በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ዕቃ ለቤተሰብ የሚጠቅም ነገር ሠርታችሁ አምጡ» አሉን። እኛ ሦስት ነበርን። እኔ ወዲያው ያሰብኩት እማዬን ነው። እማዬ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ማዕድ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ጭሱ መውጫ የለውም፤ ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነው። ለወጡ ደግሞ ከሰል ትገዛለች። ስለዚህ ገና ምንም ሳልሠራ ቤት ገብቼ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ከሰል አትገዢም!» አልኳት። እሷም ሳቅ ብላ «አሜን ልጄ» አለችኝ።

ከሰፈራችን ባለ ሱቅ ሁለት ካርቶን ለመንን። ትንሹን ትልቁ ውስጥ ከተን በመሃላቸው ጭድ ጠቀጠቅንበት፤ ጭዱ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዛል። ፎይል ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረን የብስኩት መጠቅለያ ሰበሰብን። የሚያብለጨልጨውን ጎኑን ወደ ውጭ አድርገን ክዳኑ ላይ በዱቄት ሙጫ ለጠፍን። የጓደኛዬ አባት አሮጌ የመስኮት መስታወት ሰጡን። የቀረን ጥቁር ድስት ነበር። እማዬ ሁሌ «ፈትጊው» እያለች የምትቆጣኝን ድስት ሳልፈትገው ይዤው ሄድኩ! ክዳኑንም በጥላሸት አሸነው።

መምህራችን አሠራሩን ሲያስረዱን «መስታወቱ ብርሃኑን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን ቶሎ አይለቅም። ጥቁር ነገር ደግሞ ብርሃኑን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል» አሉን። እንዲህ ያለውን ሳጥን እ.ኤ.አ. በ1767 ደ ሶሲር የሚባል የስዊዘርላንድ ሳይንቲስት ሞክሮት እንደነበርም ነገሩን።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራችን አልተሳካም። የደብረ ብርሃንን ንፋስ ታውቁታላችሁ። እኛ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው መስታወቱን እያነሳን «በሰለ? በሰለ?» እንል ነበር። ቴርሞሜትሩ ከ54 ዲግሪ አላለፈም፤ ድንቹም ጥሬ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኑን ከግንብ ሥር ከለልነው፤ በመስታወቱ ጠርዝ ያለውን ክፍተት በጨርቅ ደፈንን። በየግማሽ ሰዓቱም ሳጥኑን ወደ ፀሐይ እናዞረው ነበር፤ መክፈት ግን ክልክል! ከጠዋቱ 4 ሰዓት ያስቀመጥነው ድንች 8 ሰዓት ተኩል ላይ በሰለ። ቴርሞሜትሩ 86 ደርሶ ነበር። እኛ አገር ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 90 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 86 ማለት ቀላል አይደለም። በሚጥሚጣ በላነው። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች የለም።

ከዚያ በመጋቢት የወላጆች ቀን ደረሰ። ሰማዩ ግን ደመና ሆኖ ዋለ። 5 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 41 ብቻ ነው የሚያሳየው። ከቡድናችን አንዷ ከቤቷ የተቀቀለ ድንች በፌስታል ይዛ መጥታ ኖሮ «ማን ያውቃል? እንቀይረው» አለችን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ «እሺ፣ ቶሎ በይ» ያልኩት እኔ ነኝ። መስታወቱን ብድግ ሳደርግ እማዬን አየኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ከወላጆች መሃል ቆማ ወደ እኔ ታያለች። የማታለው እሷን መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ካመነችን እኮ ነገ በደመና ቀን ድንች ጥዳ ትሄዳለች፤ ታናናሾቼም ጥሬ ድንች ይጠብቃቸዋል። መስታወቱን መለስኩት።

ርዕሰ መምህሩ መጥተው «በሰለ?» ሲሉ «አልበሰለም፤ ዛሬ ደመና ነው» አልኩ። ተማሪዎች ሳቁ። ሦስተኛዋ ጓደኛችን ግን ደብተሯን አውጥታ የየቀኑን ሰዓት፣ ዲግሪና የበሰለበትን ጊዜ አነበበች። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። አንድ አባት «እስኪ ያንን ድገሚልኝ» ብለው ሁለተኛ አስነበቧት።

ወደ ቤት ስንመለስ እንባዬ መጣ። እማዬ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ከሰል አትገዢም ብዬሽ ነበር።»

«ልጄ፣ ፀሐይ እራት አታበስልም፤ ማታ የለችማ! ምጣድም አታግልም። ይሄ መች ጠፋኝ?»

«ታዲያ ለምን አሜን አልሽኝ?»

«ስላሰብሽልኝ ነዋ» አለች። ትንሽ ሄድ እንዳልን ደግሞ «ግን ያ ሳጥን ውሃ ያሞቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያሞቃል! አሁን ሳጥኑ ግቢያችን ውስጥ ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን የዕቃ ማጠቢያ ውሃ እናሞቅበታለን። ቅዳሜ እማዬ ገበያ ስትሄድ ድንች ትጥድበታለች፤ ሳጥኑን ከማዞር በቀር ጠባቂ አይፈልግም፣ አያርም። ለምሳ ታነደው የነበረውን ከሰልም ለእራት ታቆየዋለች። የእንጀራው ጭስ ግን እንዳለ ነው፤ ዓይኗም ገና ቀይ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ፕሮጀክታችን ጭስ ማውጫ ነው። ቆርቆሮ የተረፈው ካለ ይንገረን።

መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ሦስት ነገር አትርሱ፦ ከንፋስ ከልሉት፣ ከፀሐይ ጋር አዙሩት፣ ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት። ድስቱንም አትፈትጉት!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ